ሽበቱ ወደ ሰማይ

ፎቶው አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ። ሰባት ድንጋዮች አንዱ ባንዱ ላይ ቆመዋል፤ ትልቁ ከታች፣ ትንሹ ከላይ። ከኋላቸው ሐምሌም ሆኖ በረዶ ያልለቀቀው ተራራ አለ፤ ከተራራው ማዶ ባሕር ይታያል። ቆንጆ ፎቶ ነው። ከአንድ ሰው በቀር ግን ለማንም ልኬው አላውቅም።

ድንጋዮቹ እንደዚያ የቆሙት ቢበዛ አምስት ደቂቃ ነው። ደርድሬ ያቆምኳቸው እኔ ነኝ። ያወረደቻቸው መንገድ መሪያችን ናት። አልተቆጣችም፤ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም። ተንበርክካ አንድ በአንድ አወረደቻቸው፣ በቃ። ይኸው ስድስት ወር ሊሞላው ነው። ሐሳቤ ግን እስካሁን ከዚያ ተራራ አልወረደም።

## የአንድ ቀን መንገድ

ቦታው ሆርንስትራንዲር ይባላል። በአይስላንድ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ ከአርክቲክ ክበብ ትንሽ ዝቅ ብሎ ያለ ምድር ነው። ስፋቱ 580 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪና የሚገባበት መንገድ የለም። ሱቅ የለም። ስልክ አብዛኛው ቦታ ላይ አይሠራም። ከ1975 ጀምሮ (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚኖርበት ሰው የለም። የሚደረሰው በጀልባ ነው፤ እሱም ባሕሩ ሲፈቅድ።

ለሥራ ሬይክያቪክ ሄጄ ነበር። ሥራው ሲያልቅ ሦስት ቀን ተረፈኝ። ለቦታው ቅርብ ወደሆነችው የኢሳፍዮርዱር ከተማ በረርኩና የአንድ ቀን የእግር ጉዞ ከመሪ ጋር ገዛሁ። ጠዋት በጀልባ ተሻግሮ ላውትራር የሚባል የባሕር ዳር መውረድ። ከዚያ ተራራውን አቋርጦ ሄስቴይሪ መድረስ። ማታ ከዚያ በጀልባ መመለስ። በእግር የሚኬደው ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ካርታው ላይ ሳየው ቀላል መሰለኝ።

ብቻውን የሚሄድ ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን የማላውቀው ተራራ ላይ ከሚያውቀው ሰው ጋር መሄድ ይሻለኛል። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባል የለ። መሪያችን ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ እዚያው ኢሳፍዮርዱር ያደገች ሴት ናት። ወሬ አታበዛም። ወደቡ ላይ አሥራ አንዳችንንም አሰልፋ ጫማችንን አየች። የአንዱን ልጅ ሶል በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ "ሌላ የለህም?" አለችው። ልጁ ሮጦ ከሆቴሉ ሌላ ጫማ ይዞ መጣ።

ከዚያ ደንቡን ነገረችን። የያዛችሁትን ሁሉ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ፤ የብርቱካን ልጣጭ ጭምር። ከዚያ ምንም አትወስዱም። እሳት አይነድድም። ባሕሩ ከተነሣ ጀልባው ላይመጣ ይችላል፤ ያኔ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። እሺ፣ እሺ አልን። እኔም እሺ አልኩ። አሁን ሳስበው ምኑን እሺ እንዳልኩ በደንብ አላዳመጥኩም። "ከዚያ ምንም አትወስዱም" ስትል አበባና ቀንድ መስሎኝ ነበር። ድንጋይን ከቦታው ማንሣት መውሰድ ነው ብዬ አላሰብኩም።

## ባዶ ያልኩት አገር

ከመነሣቴ በፊት ለአንዲት ጓደኛዬ "ነገ ሰው የሌለበት አገር ልሄድ ነው" ብዬ ጽፌላት ነበር። የሳበኝ እሱ ነው፣ አልደብቅም። አገር ማለት ሰው ነው እንላለን። ታዲያ ሰው ከሌለ የሚቀረው ምንድን ነው? ያንን ለማየት ጓጉቻለሁ።

ከትልቁ ጀልባ ወደ ትንሽ የጎማ ጀልባ ወረድን። ከጎማው ላይ ዘልለን እርጥብ አሸዋ ላይ አረፍን። ቀና ስል መጀመሪያ ያየሁት ቤት ነው። አንድ፣ ሁለት፣ አራት ቤት። መስኮቶቻቸው በሳንቃ ተዘግተዋል። ቀለማቸው ግን የቅርብ ነው።

ላውትራርና ሄስቴይሪ ያሉበት ወረዳ በ1930ዎቹ ወደ 500 የሚጠጋ ሕዝብ ነበረው። የመጨረሻዎቹ ነዋሪዎች የወጡት በ1952 ነው። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ግን ቤቶቹን አልተዉም። ብርሃኑ በማይጠልቅበት ወራት መጥተው ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያሉ፤ ጣሪያ ያድሳሉ፣ ቀለም ይቀባሉ፣ ዘግተው ይሄዳሉ። ጥብቅ ቦታ ከመባሉ በፊት የሰው ቀዬ ነበር። ባለቤት አለው።

ሣሩ ውስጥ ስንገባ ለካስ ብዙው ነገር ሰው ከሄደ በኋላ የበቀለ ነው። ግንዱ ወፍራም፣ አናቱ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ተክል ደረቴ ድረስ ይደርሳል። በመሃሉ ሐምራዊ አበባ ሞልቷል። አይስላንድ ውስጥ የትም ብትሄዱ በግ አለ። እዚህ በጎቹም ከባለቤቶቻቸው ጋር ወጥተዋል። ከዚያ ወዲህ ምድሩ የፈለገውን አብቅሏል። ከ260 በላይ የዕፅዋት ዓይነት ይገኝበታል። ቀና ካሉ ደግሞ ከላይ ባለው ተራራ ላይ ሌላ ታሪክ አለ። ነዋሪዎቹ ከወጡ ብዙም ሳይቆይ የአሜሪካ ጦር እዚያ የራዳር ጣቢያ ሠራ። በ1960 ዘግቶት ሄደ። ፍርስራሹ አሁንም አለ። መሪያችን በእጇ አመልክታ አለፈችው። እኔም ልለፈው።

ከእኛ ጋር አንድ አዛውንት ነበሩ። አገሬው ናቸው። እናታቸው የተወለዱት እዚሁ ላውትራር ነው። እሳቸው ግን የተወለዱት ቤተሰቡ ከወጣ በኋላ ነው፤ እዚህ አንድም ክረምት ኖረው አያውቁም። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይላል ተረቱ። እሳቸው ግን ከጀልባው እንደወረዱ ጓንታቸውን አውልቀው አሸዋውን ነኩ። ከዚያ ማንንም ሳይጠይቁ ሣር ወደዋጠው አንድ የቤት መሠረት ሄዱ።

"ለምን ወጡ?" አልኳቸው። መልሱን የማውቅ መስሎኝ ነበር፤ ብርዱ፣ በረዶው፣ ብቸኝነቱ።

"እጅ አነሰ" አሉኝ።

እዚህ ወደብ አልነበረም። ጀልባ ባሕር ላይ ታስሮ ካደረ ማዕበሉ ይሰብረዋል። ስለዚህ ከዓሣ ሲመለሱ በየቀኑ ወደ ደረቅ መሬት መጎተት አለበት። ለመጎተት ብዙ እጅ ያስፈልጋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የምንለው ማለት ነው። ሄስቴይሪ አጠገብ የነበረው የዓሣ ፋብሪካ በ1940 ተዘጋ። ወጣቶቹ ደመወዝ ወዳለበት ሄዱ። አንድ ቤተሰብ በወጣ ቁጥር ለቀሩት ጀልባው ከበደ። በመጨረሻ የቀሩት ቁጭ ብለው እጃቸውን ቆጠሩ። አልበቃ አላቸው።

"ማንም አላባረራቸውም" አሉ አዛውንቱ። "ሲወጡ አያቴ ወለሉን አጥባ፣ በሩን ዘግታ ነው የወጣችው።"

ስለዚያ ወለል ብዙ አስቤያለሁ። ማንም ለማይገባበት ቤት ወለል ማጠብ። በዚያች ሰዓት ግን አዝኜ፣ ከንፈሬን መጥጬ፣ ቦርሳዬን አዝዬ መንገድ ጀመርኩ።

## በሩ ላይ

መንገዱ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። መጀመሪያ ሣር፣ ከዚያ ሣር አልባ እርጥብ መሬት፣ ከዚያ ድንጋይ ብቻ። ሁለቱን ባሕረ ሰላጤዎች የሚያገናኘው ዝቅ ያለ የተራራ አንገት ነው። በእኛ ቢሆን "በር" ይባል ነበር፤ እንደ ጣርማ በር። አናቱ ላይ በየጉድጓዱ በረዶ ተኝቷል።

እዚያ መንገድ የለም፤ በእግር የተረገጠ መስመር እንኳ ድንጋዩ ላይ ይጠፋል። ያለው ቫርዳ ነው። በአገሩ ቋንቋ የመንገድ ምልክት የሆነ የድንጋይ ቁልል ቫርዳ ይባላል። እስከ ወገቤ ይደርሳል። ከታች ሰፊ፣ ወደ ላይ ጠበብ ይላል። ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ ከድንጋይ ጋር ተጋጥሞ የቆመ ነው። ክፍተቱ ውስጥ ጣት የሚያህሉ ድንጋዮች እንደ ሽብልቅ ገብተዋል። አንዱ ጋ ሲቆሙ ቀጣዩ ይታያል፤ ርቀቱ በዚያ ነው የተለካው። አገሩ ላይ ከ100 ዓመት በላይ የሆነው የሰው እጅ ሥራ በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ነው። መሪያችን ስለዚህ አንዱን እንኳ ደገፍ እንዳንል ነግራናለች። እኔም አልነካሁም። ይህን በእውነት አልነካሁም።

አናቱ ላይ እረፍት ወሰድን። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ከኋላችን የመጣንበት ባሕር፣ ከፊታችን ገና ያላየነው ሸለቆ። መሪያችን "ከዚህ አትራቁ" አለችና በረዶውን ልታይ ወደ ፊት ሄደች። ሰዎቹ ከቴርሞሳቸው ሻይ ቀዱ። እኔ ከቫርዳው አሥር እርምጃ ያህል ፈቀቅ አልኩና ጠፍጣፋ ድንጋዮች መልቀም ጀመርኩ።

ለምን እንደጀመርኩ አላውቅም። ሰው እንዲህ ሲያደርግ በፎቶ ብዙ አይቻለሁ። ድንጋዮቹ ከእርጥቡ አፈር ሲላቀቁ ቀስ ብለው ነው፤ መሬቱ የያዛቸው ይመስላል። አንዱን በአንዱ ላይ ማስቀመጥ ትንፋሽ ያስይዛል። ስድስተኛው ሁለት ጊዜ ወደቀብኝ። ሰባተኛዋ መዳፌን የምታህል ነበረች፤ እሷን አናቱ ላይ ሳስቀምጥ ደስ አለኝ። ውስጤ ጸጥ አለ። ይህን የምጽፈው ያደረግኩት በክፋት እንዳልነበረ ለመናገር አይደለም። ጥሩ ነገር እየሠራሁ እንደነበር ስለተሰማኝ ነው። የሚከነክነኝም እሱ ነው።

ፎቶ አነሣሁ። ቀና ስል መሪያችን አጠገቤ ቆማለች።

"አነሣሽው?" አለች።

"አዎ።"

"እንግዲያው ላውርደው?"

አስፈቀደችኝ። እኔ ደግሞ "ለምን? ማንን ይጎዳል? እዚህ ማን አለ?" አልኳት። ቃል በቃል ያልኩት ይህን ነው። እዚህ ማን አለ።

ወዲያው አልመለሰችልኝም። ከቁልሌ ጀርባ ያለውን በረዶ በእጇ አሳየችኝ። ሰፊ፣ ነጭ፣ ለጥ ያለ ነው። "ከሥሩ ውሃ ቦርቡሮታል" አለች። "ከላይ ስታዪው ጥሩ መንገድ ይመስላል። አሁን ቀኑ ብሩህ ነው፤ ይሄ ጨዋታ መሆኑን ማንም ያውቃል። ጉም ሲወርድ ግን ጨዋታ የሆነውንና ያልሆነውን መለየት አይቻልም። ቫርዳ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ በዚህ ሂድ። ያንቺም በዚህ ሂድ ነው የሚለው። የሚመጣው ሰው ያምነዋል። ምን ያድርግ፣ ሌላ የሚጠይቀው የለማ።"

ሌላ የሚጠይቀው የለማ።

ሰው ባለበት አገር የተሳሳተ ምልክት ብዙ አይቆይም። እረኛው ያየዋል። ውሃ ቀጂዋ "ወዴት ነው፣ በዚያ አይኬድም" ትላለች። አንዱ የሳተውን ሌላው ያርመዋል፤ ሳናውቀው እርስ በርሳችን እየተራረምን ነው የምንኖረው። እዚያ ግን የሚያርም የለም። ድንጋይ የተናገረው ነገር እውነትም ይሁን ሐሰት እዚያው ይቆያል። እኔ "ማን አለ" ብዬ ያቀለልኩት ነገር፣ ማንም ስለሌለ ነው የከበደው። አያቲቱ ወለሉን አጥባ የወጣችው ይህን ታውቅ ስለነበር ይሆን? ማንም የማያርምልሽን ነገር አስተካክለሽ ነው ትተሽው የምትሄጂው።

"ላግዝሽ" አልኳትና ተንበረከክሁ።

ማፍረስ ማለት መበተን መስሎኝ የላይኛዋን አንሥቼ ልወረውር ስል እጄን ያዘችኝ። "ወደ አልጋው" አለች። ድንጋይ ሁሉ አልጋ አለው። ከተነሣበት ቦታ ላይ ጥቁር፣ እርጥብ፣ ልክ በሱ ቅርጽ የተቦረቦረ ጉድጓድ ይቀራል። ዙሪያው ያለው መሬት ደረቅና ግራጫ ስለሆነ ጥቁሩ ጎልቶ ይታያል። አንዷን ድንጋይ ይዛ ሦስት ጉድጓድ ላይ ሞከረቻት። በአራተኛው ላይ አዙራ አዙራ ስታስቀምጣት ግጥም አለች። ቁልፍ በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚገባ ነው።

ከዚያ ሌላ ነገር አሳየችኝ። የድንጋዩ አንዱ ፊት ንጹሕ፣ አፈር የነካው ነው። ሌላው ፊት ላይ ግራጫ፣ ብርቱካንማና አረንጓዴ ነገር ካርታ መስሎ ተለጥፏል። "ይሄ ሕይወት አለው" አለች። "ወደ ታች ከተገለበጠ ይሞታል። አንዳንዱ በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አያድግም። ይቺን የምታህለዋ ከአያቴ ትበልጣለች።"

በእኛ ቋንቋ የድንጋይ ሽበት እንደሚባል ነገርኳት። ድንጋይ ሲሸብት ማለት ነው አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። "እንደሱ ከሆነ ቀላል ነው" አለች። "ሽበቱ ወደ ሰማይ።"

ከዚያ በኋላ በዝምታ ሠራን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በአምስት ደቂቃ ያነሣሁትን ለመመለስ ሃያ ደቂቃ ፈጀን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሽበቱ ወደ ሰማይ። አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ጥፍሬ ውስጥ ጥቁር አፈር ገብቷል። ሰባተኛዋን ይዤ ስዞር ጉሙ ደረሰ።

ጉሙ ከባሕሩ ነው የመጣው። መጀመሪያ የታችኛውን ሸለቆ ሞላ፣ ከዚያ እግራችን ሥር ደረሰ፣ ከዚያ አናታችን ላይ ወጣ። ከጉሙ ጋር ረጋ ያለ ካፊያ። ካፊያው ድንጋዩንም መሬቱንም አንድ ዓይነት ጥቁር አደረገው። አልጋዋ ጠፋች። "ከየት አነሣሻት?" አለችኝ። ከቀኝ በኩል አልኳት፤ እርግጠኛ ነበርኩ። ፈለግን። የለም። እንደገና ፈለግን። ሰዓቷን አየች።

"ትቆይ" አለችና ከእጄ ወሰደቻት። ለብቻዋ ጠፍጣፋ ቦታ ፈልጋ አስተኛቻት። ሽበቷን ወደ ሰማይ አድርጋ በመዳፏ ትንሽ ጫን አለቻት።

## ከድንጋይ ወደ ድንጋይ

ጉም ውስጥ ስንሄድ ሥርዓት ነበረው። አንድ ሰው ቫርዳው ጋ ይቆማል። እሷ ወደ ፊት ትሄዳለች። ቀጣዩን ስታገኝ ትጣራለች። ሌሎቻችን በድምፅዋ እንሄዳለን። የቆመው መጨረሻ ይከተላል። ጂፒኤስ አንገቷ ላይ ነበር። ሁለት ጊዜ ስታየው አይቻለሁ። የቀረውን ጊዜ ዓይኗ ድንጋይ ፍለጋ ላይ ነው። አዛውንቱ እያንዳንዱ ቫርዳ ጋ ሲደርሱ ጓንታቸውን አውልቀው፣ ሳይደገፉ፣ በጣታቸው ጫፍ ብቻ ነካ ያደርጉት ነበር።

የመቆም ተራዬ ደረሰ። ሁሉም ሄዱ። የእግራቸው ድምፅ ጠፋ። ነጭ ብቻ ሆነ፤ ከፊቴም ከኋላዬም። ያለኝ ጎኔ ያለው ቁልል ነው። አጠገቡ ቆሜ ቀዳዳዎቹ ውስጥ የገቡትን ትንንሽ ሽብልቆች አየሁ። አንድ ሰው እነዚያን መርጧል። ብርድ ላይ ቆሞ ይቺ ትገባለች፣ ይቺ አትገባም ብሏል። በዚያ ዘመን ሐኪሙ የነበረው ሄስቴይሪ ነው። የታመመ ልጅ ያዘለች የላውትራር እናት በዚህ በር ነው የምታልፈው፤ ምናልባትም በሌሊት፣ ምናልባትም በረዶ እየጣለ። ቁልሉን የሠራው ሰው ለእሷ ነው የሠራው። ስሙን የትም አልጻፈም። ከሞተ ዘመን አልፎታል። እኔ ግን በዚያች ደቂቃ የማምነው እሱን ብቻ ነበር። ባዶ ባልኩት አገር ውስጥ ከሰው ጋር ነበርኩ።

ከዚያ ከጉሙ ውስጥ የመሪያችን ድምፅ መጣ፤ "አገኘሁት!" ተነሥቼ ሄድኩ።

ወደ ሄስቴይሪ ስንወርድ ጉሙ ከላያችን ቀረ። የቀረውን በአጭሩ ልንገራችሁ። የባሕሩ ዳር ላይ ቀበሮ አየን። ትንሽ፣ ቡናማ፣ የዓሣ አጥንት የምታሸት። የአርክቲክ ቀበሮ በአይስላንድ ከሰው በፊት የነበረች ብቸኛ የየብስ አጥቢ እንስሳ ናት። ሌላ ቦታ ትታደናለች፤ እዚህ ግን ማንም አይነካትም። ስለዚህ ሰውን አትሸሽም። አየችን፣ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከመንደሩ ራቅ ብሎ ኖርዌጂያኖች በ1894 የሠሩት የዓሣ ነባሪ ፋብሪካ ጭስ ማውጫ ብቻውን ቆሟል። በ1901 የተሠራው የሐኪሙ ቤት አሁን ለመንገደኛ ቡናና ስስ ቂጣ ያቀርባል። እርጥብ ካልሲያችንን አውልቀን፣ ጠባብ ጠረጴዛ ከበን ጠጣን። አዛውንቱ በመስኮቱ አንድ ባዶ ሣር አሳዩኝ። ቤተ ክርስቲያኗ እዚያ ነበረች አሉ። በ1960ዎቹ ተፈትታ ሱዳቪክ ወደምትባል መንደር ተወስዳ እንደገና ቆመች። መቃብሩ ግን እዚሁ አለ።

መሪያችን ኩባያዋን ይዛ በር ላይ ቆማ ጀልባውን ትጠብቃለች። ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ። መሪ ማለት የሚያሳይ ሰው ይመስለኝ ነበር፤ ይሄ ወፍ እንዲህ ይባላል፣ ያ ተራራ ይህን ያህል ከፍታ አለው የሚል። እሷ ስለ ወፍም ስለ ተራራም ያወራችው ጥቂት ነው። ቀኑን ሙሉ የሠራችው ባለቤቶቹ የሌሉበትን ቤት መጠበቅ ነው። እንግዳ ታስገባለች፣ ታስተናግዳለች፣ እንግዳው ያዛባውን መልሳ ታስተካክላለች፣ በሩን ዘግታ ትወጣለች። ይቅርታ ልላት ፈለግሁ። "ሰባተኛዋ..." ብዬ ጀመርኩ።

"አውቃለሁ" አለች። "በሚቀጥለው ሳልፍ አያታለሁ።"

## ፎቶው

ቤቴ ከገባሁ በኋላ ፎቶውን ልሰርዘው ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ጣቴ ምልክቱ ጋ ይደርስና ይመለሳል። ታኅሣሥ ላይ አንድ ማታ እንደገና ከፈትኩት። በሁለት ጣቴ አሰፋሁት። ላየው የፈለግሁት የላይኛዋን ድንጋይ ነበር። ሽበቷ ወደ ታች ዞሯል፤ ገልብጬ ነው ያስቀመጥኳት። ያንን አይቼ ልዘጋው ስል ጥጉ ላይ ዓይኔ አረፈ።

በግራ በኩል ነው። በቀኝ አይደለም። የጫማዬ ጫፍ ከምትታይበት ቦታ አንድ ክንድ ያህል ወጣ ብሎ፣ ደረቁ ግራጫ መሬት ላይ፣ መዳፍ የምታህል ጥቁር ጉድጓድ አለች። ፎቶውን ያነሣሁት ካፊያው ከመውረዱ በፊት ስለሆነ ጥቁሯ ጎልቶ ይታያል። አንዱ ጠርዟ ሹል ነው። ድንጋይዋም እንደዚያ ሹል ነበረች፤ መዳፌ ያስታውሳል።

ቀይ ክብ አደረግሁባት። ከጎኗ ቫርዳው እስከየት እንደሆነ በእርምጃ ገምቼ ጻፍኩ። ለመሪያችን ላክሁት።

በሦስተኛው ቀን መለሰችልኝ። ፎቶውን አስፍታ እንዳየችው፣ ቦታውንም እንዳወቀችው ጻፈች። "አሁን በሩ በረዶ ለብሷል፤ ጨለማም ነው" ትላለች። "ጀልባ ሰኔ ላይ ይጀምራል። መጀመሪያ ስሻገር ፎቶውን ይዤ እሄዳለሁ።"